የእቴ የሺ ጉራማይሌ ሽምብራ

ሥራዬን ከለቀቅሁ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰው ከሥራ ተሰናበተ ሲባል ፀጉሩ የሸበተ፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር። እኔ ስሰናበት ግን ገና ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ወረታ በነበረው የእርሻ መሥሪያ ቤት የዘር መጋዘን ውስጥ ስምንት ዓመት ዘር ለቅሜያለሁ። የስንብት ወረቀቴ ላይ ጸሐፊው «የቀን ሠራተኛ» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት። ልከራከረው አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ አልወጣም።

አሁን ባሕር ዳር አክስቴ ዘንድ ሆኜ ልብስ እሰፋለሁ። ሥራው ደህና ነው፣ ጥላ ሥር ነው፣ ጭቃ የለበትም። እኔ ግን ያንን ጭቃ ነው የምናፍቀው። ያ ሥራ ምን እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው እዚህ ስለሌለ ልጽፈው ተነሣሁ። በአፌ ከምናገር መጻፉ ይቀልለኛል።

መጋዘኑ ያስገባችኝ እናቴ ናት። ስድስተኛ ክፍል ባለፍሁበት ዓመት አባቴ ታሞ ተኝቶ ስለ ነበር ሰባተኛ የመግባቱ ነገር አልተነሣም። የመጋዘኑ ጠባቂ ጋሽ ኑሩ የወረታ ሰው ናቸው፤ ድሮ እህል ነጋዴ ነበሩ። የእህል ንግዱ ሲከለከል ዘር ስለሚያውቁ መንግሥት ቀጠራቸው።

እናቴ «ልጄ ዓይነ አፋር ናት፤ ሰው ፊት አትናገርም። ዓይኗ ግን ደህና ነው» አለቻቸው።

«ስሟ ማነው?»

«ይታይሽ።»

ጋሽ ኑሩ ሳቁ። ከሦስት ጆንያ አንድ አንድ እፍኝ ጓያ፣ ሽምብራና ኑግ አንሥተው ሰፌድ ላይ ደባለቁና ፊቴ አስቀመጡት።

«እንግዲህ ይታይሽ!» አሉኝ። «በእጅሽ አትንኪ። በዓይንሽ ብቻ ስንት ዓይነት እንደ ሆነ ንገሪኝ።»

አንገቴን ደፍቼ ብዙ ቆየሁ። አንገት መድፋት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም።

«አምስት» አልሁ።

«እኔ ያስገባሁት ሦስት ነው።»

ፊቴ ጋለ። ቃሌን ግን አልለወጥሁም። በጣቴ እያሳየሁ ከኑጉ ውስጥ ሰናፍጭ፣ ከጓያው ውስጥ አተር እንዳለ አመለከትሁ። ጋሽ ኑሩ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ጎንበስ ብለው አዩ።

«ወላሂ፣ በንግዴ ዘመን ደንበኛዬ ብትሆኚ ኖሮ ታከስሪኝ ነበር» አሉ። በማግሥቱ ሥራ ጀመርሁ።

ጋሽ ኑሩ ዘር ሲመጣላቸው መጀመሪያ አያዩትም፤ ይሰሙታል። አንዲት ፍሬ መንጋጋቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። «ቀጭ» ካለ ይገባል። ጥርስ ሥር እሺ ብሎ ከተጨፈለቀ ተመልሶ ፀሐይ ይሞቃል። ቀጥሎ ያሸቱታል። የእርጥበት ሽታ፣ የአይጥ ሽታና የነቀዝ ሽታ የተለያየ መሆኑን ከእሳቸው ነው የተማርሁ። ብዛት ያለውን ዘር በጆንያ፣ ከየመንደሩ የሚመጣውን ጥቂት ጥቂቱን በቅል እናስቀምጥ ነበር። ቅሉን በጢስ እናጥናለን፣ ዘሩን ከተነፋ አመድ ጋር እናደባልቃለን፣ አፉን በጭቃና በእበት እንመርጋለን። እንዲህ ያደረግነው ቅል ሦስት ዓመት ቆይቶ ሲከፈት ዘሩ ትናንት ከውድማ የመጣ ይመስላል።

ዘር ይዞ የመጣን ሰው ሳያስቀምጡ አይቀበሉም። ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ «የት በቀለ? ማን ሰጠሽ? በየትኛው ዓመት አዳነሽ?» ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ ረጅም ነው። አንበጣ የመጣበት ዓመት ይነሣል፣ ውሃ መንደር የገባበት ይነሣል፣ ባል የሞተበት ዓመት ይነሣል። ሴቶቹ አንዳንዴ እያለቀሱ ይናገራሉ። ጋሽ ኑሩ ሁሉንም ይሰማሉ። ወረቀቱ ላይ ግን የዘሩንና የባለቤቱን ስም ብቻ ይጽፋሉ።

«ጨርሰው አይጽፉትም?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ወረቀቱ ትንሽ ነው፣ ነገሩ ትልቅ ነው። እኔ እያለሁ ምን ትፈሪያለሽ?»

በኋላ ጉድ የሠራን ይህ ልማዳቸው ነው።

ስሞቹ አሁንም በአፌ አሉ። «የወፍ እንቢ» የሚባል ማሽላ ነበረን፤ ወፍ የማይደፍረው። «ቶሎ ድረሽልኝ» የሚባል ጤፍ ነበረን። «አማት አኩራፊ» የሚባል ጓያም ነበር፤ ለምን እንደዚያ እንደ ተባለ ጋሽ ኑሩ ላላገባች ሴት አይነገርም ብለው ሳይነግሩኝ ቀሩ። ከመጋዘኑ የኋላ መስኮት የፎገራ ሜዳ ይታያል። ክረምት ሙሉ ውሃ ነው፤ ሰማይ መሬት ላይ የወረደ ይመስላል። መስከረም ሲያልቅ ውሃው ወደ ሐይቁ ይሸሻል፣ ገበሬውም ኮቴ ኮቴውን እየተከተለ በጥቁሩ የዋልካ አፈር ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ከዚያ በኋላ ዝናብ የለም፤ ሽምብራው መሬት ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ያንን ጊዜ ነው የምወደው። ሜዳው ከየብስ ጀምሮ ወደ ሐይቁ እየወረደ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲለመልም ከመስኮቱ አየዋለሁ።

በስምንት ዓመት አራት አለቆች አይቻለሁ። ሁለቱ ስሜን ሳያውቁት ነው የሄዱት፤ ሦስተኛው ደብረ ታቦር እስኪዛወር ድረስ ጥርሱን ያመው ነበር። አራተኛው ጓድ ጸጋዬ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። ለማንም ክፉ አልነበረም። በቦት ጫማው ከገበሬው ጋር ጭቃ ይገባል፣ የተሰጠውን ይበላል። አንድ የሚወደው ቃል ነበረው፤ «አንድ ወጥ» የሚል። ትራክተሩ አንድ ወጥ ይፈልጋል፣ ማዳበሪያው አንድ ወጥ ይፈልጋል ይላል። ከሥራው ብዛት የተነሣ ቁጭ ብሎ ሰምቶ አያውቅም።

እሱ በመጣ በሁለተኛው ክረምት ርብ ሞልቶ ከወንዙ ዳር ያሉ መንደሮች ውስጥ ገባ። እቴ የሺ የሚባሉ ባልቴት ጎታቸው ስለ ራሰባቸው ያላቸውን የሽምብራ ዘር በሙሉ በአንድ ጆንያ አስጭነው መጋዘን አመጡት፤ መሬቱ እስኪደርቅ እንዲቀመጥላቸው። እኔ በሌላው ጥግ ዳጉሳ እለቅም ነበርና ለጋሽ ኑሩ ጥያቄ የመለሱትን አልሰማሁም። ጋሽ ኑሩ ወረቀቱ ላይ «ጉራማይሌ፣ የእቴ የሺ» ብለው ጻፉና ጆንያው አፍ ላይ አሠሩት። በሳምንቱ ጉልበታቸውን ሊታጠቡ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄዱ።

እሳቸው በሌሉበት ከአውራጃ እንግዶች ሊመጡ መሆኑ ተሰማ። ጓድ ጸጋዬ ጆንያ በጆንያ እየዞረ ወረቀት ያነብ ጀመር። እቴ የሺ ጆንያ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ጉራማይሌ! ይኸውላችሁ፣ ባለቤቷ ራሷ መስክራለች» አለ። ጨብጦ አወጣ። ነጣ ያለ ትልልቅ ሽምብራ ነው፤ በመካከሉ ጥቋቁርና የተጨማደደ ትንንሽ ፍሬ አለበት። «ይታይሽ፣ ይህን ከአንቺ ሌላ የሚያጠራው የለም። ነጩን ለብቻ አድርጊልኝ። ባለቤቷም ደስ ይላታል።»

እኔም ወረቀቱን አነበብሁት። በእኛ አገር ቀለሙ የተደበላለቀ ነገር ሁሉ ጉራማይሌ ነው፤ ላሙም፣ ጨርቁም፣ የሴቶች የድድ ንቅሳትም። ወረቀቱ የዘሩን ጉድለት የሚናገር መሰለኝ። ስም ይሆናል ብዬ አላሰብሁም።

ስምንት ቀን ለቀምሁ። እውነቱን ልናገር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም። ጣቶቼ ከዓይኔ ቀድመው ጥቁሩን ያገኙ ነበር። በስምንተኛው ቀን ጆንያው ውስጥ አንድ ጥቁር ፍሬ ብትፈልጉ አታገኙም። በጎን ሁለት ቁና የሚሆን ጥቁር ሽምብራ ተከምሯል።

«ይህንስ ምን ላድርገው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ምን ይደረጋል? ለእንግዶቹ ቆሎ ይሁን» አለ ጓድ ጸጋዬ።

ጎረቤት ወስደን አስቆላነው። እንግዶቹ መጡ፣ ጆንያውን አዩ፣ ቆሎውን እየቆረጠሙ አመሰገኑ። ጓድ ጸጋዬ «ጓድ ይታይሽ ወደ ፊት ትምጣ!» ብሎ ተጣራ። እኔ ከጆንያ ክምር ኋላ ተደብቄ ነበር። አልወጣ ስል ለክምሩ አጨበጨቡለት። እዚያው እንደ ተደበቅሁ በመዳፌ የያዝሁትን ቆሎ በላሁ። ይጣፍጥ ነበር።

ጋሽ ኑሩ ከወንዛዬ ሲመለሱ ጉልበታቸው ደህና ሆኖ ደረጃውን እንደ ወጣት ወጡት። ቀጥ ብለው ወደ እቴ የሺ ጆንያ ሄዱና እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ከሥሩ ጨብጠው አወጡ። አዩት። እንደ ገና በሌላ በኩል አስገቡ።

«ጥቁሩስ?» አሉኝ።

«ተለቀመ።»

«ተለቅሞ የት አለ?»

«ቆሎ ሆነ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ዘር ላይ ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ወረቀቱን አላነበብሽም?»

«አነበብሁት። ጉራማይሌ ይላል። ያልጠራ ማለት መስሎኝ…»

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጉራማይሌ ስሙ ነው እንጂ ነውሩ አይደለም።»

ወረቀቱን ከጆንያው አፍ ፈትተው «ጥፋቱ የእኔም ነው። ሦስት ቃል ብጨምር ቀለም አያልቅብኝ ነበር» አሉ። እሳቸው ሄደው ለእቴ የሺ የሚነግሩልኝ መስሎኝ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሐሳቤ ገባቸው። «አይሆንም፤ የለቀመ ይናገራል» አሉኝ።

እቴ የሺ ውሃ ያፈረሰውን የቤታቸውን ግድግዳ ጭቃ እየለጠፉ አገኘኋቸው። እጃቸው ጭቃ ስለ ሆነ በክርናቸው ተቀመጪ አሉኝ። አልተቀመጥሁም። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ሁሉንም ነገርኋቸው።

«አንዱንም አላስቀረሽ?»

«አንዱንም።»

የቀረውን ጭቃ ግድግዳው ላይ አሳረፉና ወደ እኔ ዞሩ። የላይ ከንፈራቸውን በጣታቸው ጀርባ ገልበጥ አደረጉት። ድዳቸው በድሮው ጊዜ ጥቁርና ቀይ መስመር እየሆነ የተነቀሰ ነው።

«ነይ ጠጋ በይ! ይህም ጉራማይሌ ነው። እባክሽ ጥቁሩን ልቀሚልኝ!»

አለቀስሁ። ትንሽ ተዉኝና «በይ ተይ፤ ዘር በእንባ አይበቅል» አሉኝ። ተቀመጡ። «ነጩ ችኩል ነው። ውሃው በጊዜ ከሸሸለት ቀድሞ ያፈራል፣ ዋጋም ያወጣል። ጥቁሩ ዘገምተኛ ነው፤ ግን እግሩ ጭቃ ውስጥ ቢቆምም አይሞት። እኔ ሰማይ ምን እንዳሰበ አላውቅ። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ እፍኝ እዘራለሁ። እናቴም እንዲሁ፣ እናቷም እንዲሁ። ጎረቤቴ ሁሉ ከእኔ ይወስድ ነበር። አሁን የገበሬ ማኅበሩ መሬት ላይ አንድ ዓይነት ዘሩ ተባሉና ተዉት፤ በእኔ እጅ ብቻ ቀርቶ ነበር።»

በዚያ ዓመት ሌላ ዘር ስለሌላቸው ነጩን ብቻ ዘሩ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ አለቀ ባልንበት ጊዜ፣ ዝናብ ተመለሰ። አምስት ቀን ወረደ። ውሃው ዋልካው ላይ ተኛ። ኅዳር ላይ ሄጄ አየሁት። ቁመቱ ስንዝር የሆነ ሽምብራ ከሥሩ ጠውልጎ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ስስበው ያለ አንዳች እንቢታ ይነቀላል። ጓድ ጸጋዬም መጥቶ አየ። ኮፍያውን አውልቆ ለእቴ የሺ «እኔ ነኝ ያዘዝሁት» አላቸው። እቴ የሺ «እህል በኮፍያ አይመለስ፣ ልጄ፤ ራስህን ፀሐይ እንዳይመታህ አድርገው» አሉት።

ከዚያ ወዲህ እኔና ጋሽ ኑሩ ጥቁሩን ፍለጋ ወጣን። ጓድ ጸጋዬ የይለፍ ወረቀት ይፈርምልናል። የወረታን ገበያ ጨረስን፣ ሐሙስ ሐሙስ ሐሙሲት ሄድን። ጥቁር ሽምብራ አልጠፋም፤ ግን ጋሽ ኑሩ እያገላበጡ «ይህ የደጋ ነው፣ ውሃ አያውቅም» ይላሉ። ላለመሳሳት ከእያንዳንዱ ጥቂት ፍሬ እናመጣለን። እኔ በጣሳ ዋልካ እሞላለሁ፣ ሽምብራውን እዘራለሁ፣ ሲበቅል ውሃ አስተኛበታለሁ። ስድስት ቀን። ከዚያ ውሃውን አፍስሼ እጠብቃለሁ። መስኮቱ ላይ ጣሳ ተደረደረ። ሁሉም በሰበሰ። ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት የበሰበሰው ሥር ሽታ ይቀበለኝ ነበር።

የካቲት ላይ ጋሽ ኑሩ ራሳቸው እኔን አስከትለው እቴ የሺ ቤት ድረስ ሄዱ። እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ጠየቁ።

«ዘሩን ማን ሰጠሽ?»

«እናቴ ናት ብዬሃለሁ፣ ኑሩ።»

«እናትሽ ለማን ለማን ሰጠች? ሴት ልጅ ስትዳር ዘር ቋጥራ ትሄድ የለም ወይ?»

«ለሁለታችን» አሉ እቴ የሺ።

አንጓች የሚባሉ ታናሽ እህት እንዳሏቸው ያን ጊዜ ነው የሰማሁ። የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ፣ ከሐሙሲት ወዲያ ነው የተዳሩት። እናታቸው የሞቱ ጊዜ ማን አስታመመ፣ ማን ቀረ በሚል ነገር ተጣልተው ከቀብሩ ጀምሮ አይነጋገሩም። ዐሥራ ሁለት ዓመት።

«ከእሷ ከምለምን ጓያ በልቼ ብሽመደመድ ይሻለኛል!» አሉ እቴ የሺ። «አንቺም እንዳትሄጂ።»

ሄድሁ። በጭነት መኪና እስከ ሐሙሲት፣ ከዚያ በእግር። መንገድ ላይ የምናገረውን ስለማመድ ሄጄ ደጃቸው ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። እቴ አንጓች ውድማ ላይ ሽምብራ ያነፍሱ ነበር። ንፋሱ ገለባውን እኔ ላይ እያመጣው እንደ ቆምሁ ቀረሁ።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«መልክሽ የርብ ማዶ ሰው ነው። የሺ ናት የላከችሽ።»

«አይደሉም። እንዲያውም እንዳትሄጂ ብለውኛል።»

«እንዲህ ከሆነማ እሷው ራሷ ናት!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው የእህታቸው ነበር።

ቀስ በቀስ አፌ ተፈታ። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ስምንቱ ቀን፣ ስለ ቆሎው፣ መብላቴን ሳይቀር ተናገርሁ። እንደዚያ ረጅም ንግግር ተናግሬ አላውቅም ነበር። እቴ አንጓች ገቡና ትንሽ ቅል ይዘው ወጡ። የወንዙ ጥግ ያለችውን ቁራሽ መሬት ለእሸት ያህል በየዓመቱ ይዘሩበት ኖሯል። መዳፋቸው ላይ ሲያፈስሱት ነጩም ጥቁሩም አብሮ ወጣ።

«ለእሷ አልሰጥም» አሉ። «ለአንቺ ግን ያጠፋሽውን ትመልሺበት ዘንድ እሰጥሻለሁ። የነጠላሽን ጫፍ አምጪ።» ቋጠሩልኝ። «ከማን ነው ስትልሽ ምን ትያታለሽ?»

«ከእቴ አንጓች እላለሁ።»

«እንዴት አድርጋ እንዳየችው ልብ ብለሽ እይና ወሬውን ላኪልኝ።»

ከቋጠሮው ጥቂት ፍሬ ወስጄ በጣሳ ሞከርሁት። ስድስት ቀን ውሃ አስተኛሁበት። ነጮቹ እንደ ሌላው ጠወለጉ። ጥቁሮቹ ቅጠላቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩና ውሃው በተደፋ በሦስተኛው ቀን ቀና አሉ። ጋሽ ኑሩን ስጠራቸው መነጽራቸውን ጠርገው፣ አይተው፣ እንደ ገና ጠርገው አዩ። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ጣሳውን ብቻቸውን ተሸክመው ለጓድ ጸጋዬ ሊያሳዩ ሄዱ።

የቀረውን ለእቴ የሺ አደረስሁ። እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠርገው ተቀበሉኝ። አንዷን ፍሬ ጥርሳቸው ላይ አኖሯት፤ «ቀጭ» አለች።

«ከእሷ ነው?»

«አዎ።»

«ነቀዝ እንኳ አልነካው። እንዲህ ያለ አያያዝ ከእሷ ሌላ ሰው ዘንድ የለም።» ወዲያው ቆጣ አሉ፤ «ይህን እንዳትነግሪያት!»

«እነግራቸዋለሁ» አልሁ። ለትልቅ ሰው እንዲህ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነው።

እቴ የሺ ዘሩን መልሰው ቋጠሩት። «እንግዲህ ንገሪያት» አሉ።

በመስከረም መጨረሻ ዘሩን የደባለቅሁት እኔ ነኝ። እቴ የሺ ቁርበት አነጠፉ፣ ከገበያ የገዙትን ነጭ በአንድ በኩል፣ የእህታቸውን ትንሽ ዘር በሌላ በኩል አፈሰሱና «በለየው እጅሽ አደባልቂው» አሉኝ። ዕድሜዬን ስለይ የኖርሁ ሰው ነበርሁና እጄ እንቢ አለኝ። ጥቁሩን በገፋሁት ቁጥር ጣቶቼ መልሰው ይይዙት ነበር። እስኪለምደኝ ድረስ እቴ የሺ ይስቁብኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ውሃው በጊዜ ሸሸ። ነጩ አማረ፣ ቀድሞ አፈራ። ጥቁሩ ከነጩ ሥር ትንሽ ሆኖ፣ ዘግይቶ፣ ጥቂት ፍሬ ሰጠ። ጓድ ጸጋዬ ከልቡ ነበር የጠየቀው፤ «ታዲያ ጥቁሩ ምን ጠቀመ?»

«ዘንድሮ ምንም» አሉት ጋሽ ኑሩ። «ሰውን የሚያታልለው እንዲህ ያለ ዓመት ነው፣ ጓድ።»

ከዚያ በኋላ ጋሽ ኑሩ ሥራቸውን ለወጡ። መጋዘን ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ዘር አልወድም አሉ። በአንድ ቤት ያለ ዘር እንደሌለ ቁጠሪው፣ ቢያንስ ሦስት ቤት ይኑር ይሉኝ ጀመር። የየቅሉን ዘር ለሦስት ለሦስት ሴቶች አከፋፈልን። ወረቀቱንም የምጽፈው እኔ ሆንሁ፤ የሚናገሩትን ሁሉ፣ ባል የሞተበትን ዓመት ሳይቀር፣ ወረቀት እየቀጠልሁ እጽፈው ነበር። የእቴ የሺን ጉራማይሌ በሦስተኛው ዓመት ሰባት ቤት አስገባሁት። አንዳንዶቹ «ይህን የተጨማደደ ነገር ምን አደርገዋለሁ?» እያሉ ነው የተቀበሉኝ። እኔ ሰው ቤት ገብቼ ውሃ ለመጠየቅ የማፍረው ሴት በየደጁ ቆሜ እከራከር ነበር።

መጋዘኑ የማዳበሪያ ማስቀመጫ እንዲሆን ሲታዘዝ ቅሎቹ ባዶ ነበሩ። ምንም የሚጣል አልነበረም። ጋሽ ኑሩ ጡረታ ወጡ፤ ቁልፉን ሲያስረክቡ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ሄዶ ይፈልገው ነበር። እኔን ደግሞ በዚያችው «የቀን ሠራተኛ» በምትል ወረቀት አሰናበቱኝ። እናቴ ወደ አክስቴ ላከችኝ።

እዚህ ሁሉም አለ፤ ሜዳው ብቻ የለም። ሐይቁን አያለሁ፣ ነገር ግን የሐይቁ ይህኛው ዳር አይዘራበትም። ጥቅምት ከገባ ወዲህ ጨርቁ ከእጄ ይወድቃል። ውሃው የት ደረሰ እላለሁ። የጥቁሩ ሽምብራ ዓመት እኔ እያለሁ አልመጣም። ክፉ ዓመት አልመኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር መመኘት ኃጢአት ነው። ግን ያንን ዓመት በዓይኔ ሳላይ መምጣቴ ይቆጨኛል።

ባለፈው ሳምንት ከጎንደር የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ሱሪው ተቀድዶበት ሱቃችን ገባ። እኔ እየሰፋሁለት እሱ ከአክስቴ ጋር ስለ መንገዱ ያወራል። ዘንድሮ ጥቅምቱን ሙሉ ዘነበ፣ ፎገራ ላይ ውሃው አልሸሽ ብሎ ሽምብራው ሁሉ ቢጫ ሆነ፣ ሰዉ ያሳዝናል አለ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

«ሁሉም?» አልሁ። አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከደንበኛ ጋር ስናገር ሰምታ አታውቅም።

«ሁሉም ማለት ይቻላል» አለ ሾፌሩ። «ከርብ ድልድይ ወዲህ ግን እዚህም እዚያም ቁራሽ ቁራሽ አረንጓዴ አይቻለሁ። ከሩቅ ነው ያየሁት። ምን እንደ ሆነ እንጃ።»

«ስንት ቦታ ነው?»

«እኔ መኪና ነው የምነዳ፣ እህቴ፤ አልቆጠርሁትም።»

ሱሪውን ሰጠሁት። ወጣ። ተከትዬው ወጣሁና መኪናው አጠገብ ቆሜ አረንጓዴው ምን እንደ ሆነ እነግረው ጀመር። ሞተሩን አስነሣ፣ እኔም ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እጁን አውለብልቦ ሲሄድ እኔ ገና እናታቸው ለሁለቱ እህቶች የሰጧቸው ዘር ላይ ነበርሁ።